ችፕሱን ማን ጨመረው?

(ሳንዲያጎ ውስጥ በአንድ የሐበሾች የእሁድ ከሰዓት ዝግጅት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። «የምታውቀውን ነገር አውራልን» ብላችሁ ስትጋብዙኝ ስለ ታክሲ ሥራ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። ከታክሲው ብዙም አልርቅም። ግን ዛሬ የማወራው ስለ ቡሪቶ፣ በቂጣ ስለሚጠቀለለው የሜክሲኮ ምግብ፣ ነው።

ሳቁ፣ ግድ የለም። በዚህ ከተማ አሥራ አራት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ ዘጠኙን ዓመት በሌሊት ፈረቃ። የሌሊት ሹፌር ሁለት ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። የትኛው መጠጥ ቤት ስንት ሰዓት ላይ ሰው እንደሚያስወጣ አንዱ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትኩስ ምግብ የት እንደሚገኝ ሁለተኛው።

ሥራ በጀመርኩ ሳምንት አንድ ነባር ሹፌር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው፣ «ና፣ የዚህን ከተማ ጥቅል ላብላህ» ብሎ ወሰደኝ። ቤቷ ጠባብ ናት። መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ የሚያዝዙባት መስኮት አለቻት። ሃያ አራት ሰዓት አትዘጋም። በፎይል የተጠቀለለ፣ ክንድ የሚያህል ነገር ሰጡን። ፈታሁት፣ ገመጥኩት። የተጠበሰ የበሬ ሥጋ አለ። አይብ አለ። ከዚያ ደግሞ ችፕስ፣ የተጠበሰ ድንች!

«ጋሼ፣ ተሳስተው የጎኑን ውስጡ ከተቱት» አልኩት። በሳቅ ሞተ። «አልተሳሳቱም፤ ዝም ብለህ ብላ» አለኝ።

በላሁ። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ አዲስ አበባ ትዝ አለኝ። እርጥብ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ! ዳቦ ተሰንጥቆ ድንች ከነዳጣው የሚጠቀጠቅበት አገር ያደገ ሰው፣ ቂጣ ውስጥ ችፕስ አገኘሁ ብሎ ሊደነቅ አይገባውም ነበር። ግን ተደነቅኩ። ያን ሌሊት የያዘችኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ አለቀቀችኝም። ይህን ችፕስ ውስጡ የጨመረው ማነው?

ነገሩን ከስሙ ልጀምር። ቡሪቶ በስፓኒሽ ትንሽ አህያ ማለት ነው። ውርንጭላ በሉት። ይህን ባወቅሁ ሰሞን እናቴ ደውላ «ምን በላህ?» ስትለኝ ምን ልበላት? ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ 2017 ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) በሕዝብ ጩኸት የተዘጋበት አገር ሰዎች ነን። «ሥጋ በቂጣ» ብዬ አለፍኩት።

ስሙ ከየት መጣ ሲባል የሚወራ ተረት አለ። በሜክሲኮ አብዮት ጊዜ፣ በ1910ዎቹ፣ ሲውዳድ ሁዋሬዝ ላይ ሁዋን ሜንዴዝ የሚባል ሰው ምግቡን በቂጣ ጠቅልሎ በአህያ እየጫነ ይሸጥ ነበር፣ ስሙም ከአህያው መጣ ይላሉ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ችግሩ፣ በ1895 የታተመ የሜክሲኮ ስፓኒሽ መዝገበ ቃላት ላይ ቡሪቶ የሚለው ቃል ከነትርጉሙ አለ። ተጠቅልሎ ውስጡ ሥጋ ወይም ሌላ ነገር ያለበት ቶርቲላ (ቂጣቸው ማለት ነው) ነው ይላል። አብዮቱ ሳይነሳ ቃሉ ነበረ ማለት ነው። ሰው ግን ተረቱን አልተወም። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሜክሲኮ ውስጥም ቢሆን ቡሪቶ የሁሉም ቦታ ምግብ አይደለም። የአብዛኛው ሜክሲኮ ቂጣ የበቆሎ ነው። የበቆሎ ቂጣ ትንሽ ነው፤ አጥብቀህ ከጠቀለልከው ይቀደዳል። ቡሪቶ የሰሜኑ ልጅ ነው፤ የሶኖራና የቺዋዋ። ስንዴውን ስፓኞች አመጡት፣ ደረቁ ሰሜን ላይም ተስማማው። የስንዴ ሊጥ ደግሞ ይለጠጣል። ሶኖራ ውስጥ ሶባኬራ የሚሉት ቂጣ አለ፤ ስስ ነው፣ ከጀርባው ያለው ሰው ሊታይህ ምንም አይቀረውም። ስሙ የመጣው ሶባኮ ከሚለው ቃል ነው፤ ብብት ማለት ነው። ከእጅ እስከ ብብት ድረስ እየሳቡ ስለሚዘረጉት ነው ይላሉ። የብብት ቂጣ! እኛ እንጀራን በአክንባሎ እንለካለን፣ እነሱ በክንድ።

እዚያ ሰሜን ያለው ቡሪቶ ቀጭን ነው። አንድ ወጥ ወይም ሁለት፣ አለቀ። ሩዝ የለ፣ ችፕስ የለ። ድንበሩን ተሻግሮ ነው የወፈረው።

አሁን ወደ ሰሜን ካሊፎርኒያ ልውሰዳችሁ። ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ሚሽን የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ፎልሰም እና ሃያኛው መንገድ ማዕዘን ላይ ኤል ፋሮ የምትባል የሰፈር ሱቅ ነበረች። ባለቤቱ ፌብሮኒዮ ኦንቲቬሮስ መስከረም 26 ቀን 1961 (በፈረንጆቹ ነው) የከተማዋን የመጀመሪያ ቡሪቶ ሸጥኩ ይላል። ደንበኞቹ እሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩ። የሚበቃቸው ትልቅ ቂጣ አልነበረውም። ሁለት ትንንሽ ቶርቲላዎችን ጫፍና ጫፋቸውን ደራርቦ ጠቀለለላቸው። ዋጋው አንድ ዶላር።

እኔ ይህን ታሪክ የምወደው በጉድለቱ ነው። ሰውየው የፈጠራ ሐሳብ መጥቶለት አይደለም። ትልቅ ቂጣ አጥቶ ነው። የራባቸው፣ ጊዜ የሌላቸው፣ ቁመታም ወንዶች ፊቱ ቆመዋል። ያለውን ገጣጠመ።

«የመጀመሪያው እኔ ነኝ» የሚል ሁለተኛ ደግሞ አለ። ላ ኩምብሬ የሚባል ሥጋ ቤት ነበር፣ እዚያው ሚሽን ውስጥ። ራውልና ሚካኤላ ዱራን የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ ባለቤቶቹ። በ1969 መስከረም መጨረሻ ላይ ሥጋ ቤቱን ወደ ታኬሪያ ለወጡት፤ ታኮ፣ በትንሽ ቂጣ ታጥፎ የሚበላ ምግብ፣ የሚሸጥበት ቤት ማለት ነው። ይህ ለእኛ ምንም እንግዳ አይደለም። ሥጋ የሚሸጥ ሰው አንድ ቀን ምጣድ ይጥዳል፣ ከዚያ ወንበር ያወጣል፣ ከዚያ ቤቱ ጥብስ ቤት ይሆናል። ካዛንቺስና ዶሮ ማነቂያ ስንቱን አይተናል።

የሚሽን ቡሪቶ ከዚያ በኋላ መልኩን ያዘ። ቂጣው በእንፋሎት ይለሰልሳል። ባቄላ፣ ሩዝ፣ ሥጋ፣ ሳልሳ (የቲማቲምና የቃሪያ ስጎ)፣ ከፈለጉ ጓካሞሌ (የተፈጨ አቮካዶ) እና ክሬም። ደንበኛው ከመስታወቱ ወዲህ ቆሞ «ይኼን ጨምር፣ ያን ተው» እያለ ያሠራል። መጨረሻ በፎይል ይጠቀለላል። ፎይሉን እንደ ቀላል አትዩት። ያን ሁሉ ወጥ ይዞ ሳያፈስ የሚያስኬደው እሱ ነው። ከላይ እየላጥክ ትበላለህ፣ ከታች ይሸከምልሃል። ለሹፌር ከዚህ የተሻለ ሳህን የለም።

እንግዲህ ሩዝ ገባ አልኩ አይደል? አሁን ጠቡ ይጀምራል። እዚያው ሚሽን ውስጥ ሚጌል ሃራ የሚባል ሰው በ1973 ላ ታኬሪያ የሚባል ቤት ከፈተ። እሱ ሩዝ አይከትም። የሰፈሩ ወግ ሩዝ ነው፣ እሱ እምቢ አለ። በ2014 ፋይቭ ሰርቲኤይት የተባለው የስታቲስቲክስ ድረ ገጽ የመላ አሜሪካን ምርጥ ቡሪቶ ላግኝ ብሎ ተነሳ። 67,391 ቡሪቶ የሚሸጡ ቤቶችን በቁጥር አበጠረ። 64 አስቀረ። አንዲት ጋዜጠኛ አገር ላገር እየዞረች በላች። አሸናፊው ማን ሆነ? ሩዝ የሌለው ላ ታኬሪያ! የሚሽን ቡሪቶ ንጉሥ የሚሽንን ሕግ ያፈረሰው ሆነ። ሳንፍራንሲስኮ የሚኖር ወዳጄ ይህን ስነግረው አሁንም ፊቱ ይቀላል። «ያ ቡሪቶ አይደለም፣ ትልቅ ታኮ ነው» ይላል። ወዳጄ የወሎ ልጅ ነው። ሜክሲኮን ረግጦ አያውቅም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። አንድ ምግብ የከተማ መለያ የሚሆነው ሰው ሲጣላበት ነው። ጣፋጭ ምግብ የትም አለ። ወሎዬው «ይኼማ አይደለም» ብሎ ጠረጴዛ የሚመታበት ምግብ ግን ብዙ አይገኝም። የመጀመሪያው ማነው፣ ሩዝ ይገባል አይገባም፣ የቱ ቤት ይሻላል። የሁዋን ሜንዴዝን አህያ ሰዎች ያልተዉትም ለዚህ ይመስለኛል። ለክርክር መነሻ ይሆናላ።

ክርክሩ ያልተከተለው ቡሪቶም አለ። ስቲቭ ኤልስ የሚባል ወጣት ሼፍ ሳንፍራንሲስኮ ሲሠራ የሚሽንን ታኬሪያዎች አየ፣ ሰልፋቸውን አየ። በ1993 ዴንቨር ሄዶ ቺፖትሌ የሚባል ቡሪቶ ቤት ከፈተ። አሁን የትም አለ። ክፉ አልናገርም፣ የአየር ማረፊያ ወረፋ ላይ ስንቴ አድኖኛል። ግን ስለ ቺፖትሌ ቡሪቶ የተጣላ ሰው አይታችኋል? ስለ ዋጋው ካልሆነ።

እሺ፣ ወደ ቤታችን፣ ወደ ሳንዲያጎ።

የከተማችንን ቡሪቶ ቤቶች ስም ልብ ብላችኋል? ሮቤርቶስ፣ አልቤርቶስ፣ ሪጎቤርቶስ፣ ፊሊቤርቶስ። እኔ መጀመሪያ ወንድማማቾች መስለውኝ ነበር። ብዙም አልተሳሳትኩም።

ሮቤርቶ ሮብሌዶ የሚባል ሰው ከባለቤቱ ከዶሎሬስ ጋር ሜክሲኮ ውስጥ ሳን ሉዊስ ፖቶሲ ከሚባል ግዛት፣ ከትንሽ መንደር መጣ። በ1964 ሳን ኢሲድሮ ላይ፣ እዚህ ድንበሩ አፍ ላይ፣ ቶርቲላ መጋገሪያ ከፈቱ። ከመጋገሪያው ምግብ ቤት ወጣ። ከአንዱ ሌላው ወጣ። የአገሩ ሰዎች፣ ዘመዶች፣ የዘመድ ዘመዶች መጡ። ሥራ ተማሩ፣ የራሳቸውን ከፈቱ። እንግዲህ ይህን ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም። አንዱ ታክሲ ሲነዳ ወንድሙን ያመጣል፣ ወንድሙ የሚስቱን ወንድም ያመጣል፣ ዓመት ሳይሞላ አየር ማረፊያው ሰልፍ ላይ ግማሹ አንድ ቀበሌ ነው። እነሱ ያን በምጣድ አደረጉት።

የስሙ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ከዘመዶቹ አንዱ ቤቱን ሮብሌዶ በሚፈልገው መንገድ አልያዘለትም። «እንግዲያው ስሜን መልስልኝ» አለው። ዘመድየው አዲስ ታፔላ ለማሠራት ገንዘቡን ሰሰተ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የላቲን ፊደላት ብቻ ለወጠ። ሮቤርቶስ አልቤርቶስ ሆነ። ሌሎቹም ከዚያ በኋላ በ«ቤርቶስ» የሚጨርስ ስም እየፈለጉ ተከተሉ። ፊሊቤርቶስን የከፈቱት አሪዞና ድረስ ሄደው ነው። እኔ በዚህ ታሪክ ሀብታም መሆን እንዴት እንደሚቻል ተምሬያለሁ፤ ግን አልተጠቀምኩበትም።

ችፕሱስ? ለብዙ ዓመት ጠየቅሁ። ሌሊት መስኮቱ ላይ ቆሜ፣ ትርፍ ጊዜ ያለው አብሳይ ሳገኝ እጠይቃለሁ። አንዱ «አጎቴ ነው» ይላል። ሌላው «የባሕር ዳርቻ ልጆች፣ ሰርፈሮቹ፣ ከጎን ያዘዙትን ራሳቸው ሲከቱ አይተን ነው» ይላል። ሌላው ሳንታናስ የሚባለውን ቤት ይጠራል። አንድ ሽማግሌ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው «ድንች ከሥጋ ይረክሳል» አሉኝ። እኔ የሳቸውን ነው የማምነው። ዘመኑ 1980ዎቹ ውስጥ እንደሆነ ብዙ ሰው ይስማማል። ሰውየው ማን እንደሆነ ግን የሚስማማ የለም።

ከዓሣ ታኮ ጋር አወዳድሩት። የዓሣ ታኮም የሳንዲያጎ ምልክት ነው። ግን አባት አለው። ራልፍ ሩቢዮ ተማሪ ሆኖ ባሃ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ፌሊፔ ላይ በላው፣ በ1983 እዚህ ቤት ከፈተ፣ አበቃ። የድርጅት ታሪክ ሆነ። ባለ ችፕሱ፣ የካሊፎርኒያ ቡሪቶ የሚባለው፣ አባት ስለሌለው ሁሉም ልጄ ይለዋል። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ቤት አለው፣ እያንዳንዱ ሰው «እውነተኛው የኛ ሰፈር ነው» ይላል።

ሕጉ ግን አንድ ነው። ካርኔ አሳዳ፣ ማለትም ተጠብሶ የተከተፈ የበሬ ሥጋ። ችፕስ። አይብ። ከዚያ ጓካሞሌ ወይም ፒኮ ዴ ጋዮ (የተከተፈ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ) ወይም ክሬም፣ እንደየቤቱ። ሩዝ አይገባም። ባቄላ አይገባም። የሳንፍራንሲስኮ ሰዎች ደግሞ በስሙ ይናደዳሉ፣ እውነታቸውን ነው። አንድ ከተማ ተነስቶ ችፕስ ጨመረና የመላ ክልሉን ስም ወሰደ። አዳማ ላይ አዲስ ዓይነት ዳቦ ተጋግሮ «የኢትዮጵያ ዳቦ» ቢባል ድሬዎች ዝም ይላሉ?

ወደ ጎን ልውጣና አንድ ነገር ልናዘዝ። ሁለት ሙሉ ሁዳዴ የባቄላ ቡሪቶ በላሁ፤ ያለ አይብ፣ ያለ ክሬም። ጾም ነው ብዬ። ሦስተኛው ዓመት ላይ የተግባባሁት አብሳይ «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ሰሞን ለምንድነው አይብ የምትተወው?» አለኝ። ስለ ጾማችን ነገርኩት፤ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። ሰማኝ፣ ሰማኝና ግንባሩን ያዘ። «ባቄላውን እኮ በማንቴካ ነው የምናሸው» አለኝ። ማንቴካ የአሳማ ስብ ነው። ለካ የወጉ አሠራር ይኸው ነው፤ ቂጣው ሊጥ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ዛሬ ብዙ ቤት በዘይት ይሠራል፣ ግን ጠይቁ። የነፍስ አባቴ ጋ ሄጄ ስነግራቸው ሳቃቸውን ለመያዝ ታገሉ። ከዚያ ስግደት ሰጡኝ። ለማንኛውም፣ ቡሪቶ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ማን እንደከተተው አጥብቄ መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ ሁዳዴ ወዲህ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጠቡን ተናግሬያለሁ። ሌላም ነገር አለ፣ እሱን ታክሲው ነው ያስተማረኝ።

ሳንዲያጎ የባሕር ኃይል ከተማ ናት። ወራት ባሕር ላይ ቆይቶ የመጣ መርከበኛ ስንቴ ጭኛለሁ። ቦርሳውን ይጥላል፣ አድራሻ ይሰጠኛል። ሚስት አለችው፣ ልጅ አለው፣ እናት አለችው። መንገድ ከጀመርን በኋላ «ይቅርታ፣ መጀመሪያ አንድ ቦታ እንቁም» ይላል። የት እንደሆነ አልጠይቅም። ሜትሩን አጠፋለሁ። መስኮቱ ጋ ደርሰን ፎይሉን ሲቀበል ፊቱን በመስታወት አየዋለሁ። እዚሁ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው እንዲህ አድርጎ አይቀበለውም። ለሱ ምሳ ነው፣ ይበላና ይረሳዋል። ለሄደው ሰው ነው ያ ነገር ሳንዲያጎ የሚሆነው።

እኛስ? አዲስ አበባ እያለሁ ስለ ሽሮ ማን ያወራ ነበር? በየቀኑ አለ። እዚህ ስንመጣ ነው ሻንጣ ውስጥ የሚታሸገው፣ «የእናቴ ሽሮ» የሚባለው፣ አየር ማረፊያ ፈታሽ ፊት ስለ ዱቄት የሚያስምለው።

ልጄ ባለፈው ዓመት ለትምህርት ወደ ሰሜን ሄደች፣ ሳንፍራንሲስኮ አጠገብ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። በሄደች በሦስተኛ ሳምንቷ ደወለች። ትምህርቱ ከብዷት መስሎኝ ደነገጥኩ።

«አባዬ፣ እዚህ ሩዝ ይከታሉ» አለችኝ።

«ምን ውስጥ?»

«ቡሪቶ ውስጥ ነዋ! ችፕስ ጨምሩልኝ ስላቸው እንደ እብድ አዩኝ።»

ድምጿ ውስጥ የነበረውን ነገር አውቀዋለሁ። በአንደኛ ዓመቴ ለገና የገዛኋት ዶሮ፣ ዶሮ ዶሮ አልሸት ስትለኝ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ያን ቀን ልጄ የሳንዲያጎ ልጅ መሆኗን አወቀች ብዬ አስባለሁ። እስከዚያ ድረስ ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ለታኅሣሥ ዕረፍት መጣች። እናቷ ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ስታቁላላ ነበር፤ ዶሮ ወጥ ነው፣ ለልጇ። ከአየር ማረፊያ ስወስዳት «አባዬ» አለች። ገባኝ። «እናትሽ ትገድለናለች» አልኳት። «ግማሹን ብቻ» አለች።

መስኮቱ ጋ ቆምን። ግማሹን መኪና ውስጥ በላች፣ ዓይኗን ጨፍና። ሌላውን ግማሽ በፎይሉ መልሳ ጠቀለለችና ከወንበሩ ሥር ደበቀችው። ቤት ገብተን እጇን ታጠበች፣ ሁለት እንጀራ በዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ በላች፣ እናቷም ደስ አላት።

በማግስቱ ጧት ሚስቴ መኪናውን ይዛ ገበያ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ምንም አላለችም። ጠረጴዛው ላይ አንድ የተጨማደደ ባዶ ፎይል አስቀመጠች። እስከ ዛሬ ማን እንደበላው ከሦስታችን አንዳችንም አላመንንም።